ወንበሩ ለምን ለሰለሰ

ሰውየውን ሁሉም «ጋሽ አቧራ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው። ጣራ የሌላት፣ በር የሌላት፣ ከመሪዋና ከጎማዎቿ በቀር የረባ ነገር የሌላት መኪናውን እየነዳ ከመስክ ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ይታይ ነበርና፣ የበሩ ጠባቂ አንድ ቀን አንገቱን ወደ መኪናዋ አስግጎ «አቧራው በደህና ገብቷል፤ ሹፌሩን የት ጣላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ «አንተ አቧራ» ትለዋለች፤ ስትታረቅ ደግሞ «የእኔ አቧራ»።

መሥሪያ ቤቱ ከመሬት በታች ያለ ውሃ የሚያጠና ነው። የጋሽ አቧራ ሥራ ባለሙያዎቹንና መሣሪያዎቻቸውን መንገድ ካለቀበት አሳልፎ ማድረስ፣ ከዚያም መልሶ ማምጣት ነበር። በጎረምሳነቱ ቧንቧ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፤ ከአንድ ሽማግሌ ሹፌር ሥር ሆኖ መንዳት ተማረ። ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው መሪም ማርሽም አልነበረም፤ መስማት ነበር። «የተዘጋ መኪና ሹፌሩን ያደነቁረዋል» ይለው ነበር። «ጎማህ ሥር ያለው ጠጠር ይሁን አሸዋ በጆሮህ ለየው። ፍሬንህ ሲግል በአፍንጫህ እወቅ። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ ፊትህ ላይ ይነግርሃል።» ጋሽ አቧራ ይህን እንደ ውርስ ተቀበለው። መኪናዋንም የተረከበው ከዚሁ ሽማግሌ እጅ ነው። «ገላጣዋ» ይሏት ነበር።

ገላጣዋ ምቾት የሚባል ነገር አታውቅም። ወንበሯ ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ሸራው ላይ ሰው ይቀመጣል፤ በቃ። ባሌስትራዋ የረገጠችውን ድንጋይ ሁሉ ምንም ሳታስቀር ወደ ላይ ታስረክባለች። ዝናብ ሲመጣ ሰው ይርሳል፤ ሲያባራ ሰውም መኪናም አብረው ይደርቃሉ። ወለሏ ጭቃ ከገባበት አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃዋል። የሚሰበር ነገር ስለሌላት አትሰበርም። ጋሽ አቧራ ሚስቱን ያገባት ዕለት በዚህችው መኪና ሲወስዳት፣ ሙሽራዋ በእጇ የሰፋችውን ነጭ የራስ መሸፈኛ ነፋስ ነጥቆ ገደል ሰደደባት። ሴትዮዋ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ክር በመርፌ ባስገባች ቁጥር «ያ ጨርቅ» ማለቷን አልተወችም።

ዓመታት ሲደራረቡ ግን ያ ሁሉ ድንጋይ በጋሽ አቧራ ወገብ ላይ ተከማቸ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ መጀመሪያ በጎኑ ይንከባለላል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚቆመው። ማታ ማታ ሚስቱ ዘይት አሙቃ ታሽለታለች። ከእርሷ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዳይኖርም አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር። ከመኪና ሲወርድ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይሆንለት ዘዴ ፈጠረ። እግሩ መሬት እንደ ነካ «ቆይ፣ ጎማውን ልየው» ብሎ ያጎነብሳል። ጎማውን እየዳበሰ ወገቡ እስኪላቀቅ ይቆያል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀና ይላል። ሰዉ ጠንቃቃ ሹፌር ይለዋል። ጎማውን ግን አያየውም ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚቆየው።

የሚፈራውን ነገር በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ ያየዋል። ስም ያወጣለት የበሩ ጠባቂ ዱሮ እንደርሱ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ሳያስበው «ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ ተናገረ። ለአለቃም አይደለም፤ ሻይ ሲጠጣ ነው። ብዙ ሳይቆይ በክብር አንሥተው በሩ ላይ አስቀመጡት፤ አግዳሚ ወንበርም ሰጡት። ወንበሩ ረጅም ነው፤ ሌላ አንድ ሰው ያስቀምጣል። ጋሽ አቧራ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ያችን ባዶ ቦታ በዓይኑ ሰርቆ ያያታል።

መስክ የሚወጣው ከአለቃው ጋር ነው። አለቃው ሴት ናት፤ «ኢንጂነር» ነው የሚሏት። ኢንጂነሯ በገላጣዋ ስትሄድ አትቀመጥም። የፊት መስታወቱን ብረት ይዛ፣ ነፋሱ ኮቷን እየነፋው፣ ቆማ ትጓዛለች። «መሬቱን ማየት አለብኝ» ትላለች። ጋሽ አቧራ በዚህ ይኮራባታል። «ሴትዮዋ ብረት ናት» ይላል ለመካኒኩ። መካኒኩን «ቡሎን» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ከዚያው ሆኖ ከዓለሙ ሁሉ ጋር የሚቀልድ ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አዲስ መኪና ወደ ግቢው ገባች። የእርሷም ጣራ ይነሣል፤ በሮቿም ይነቀላሉ፤ ጎማዋም እንደ ገላጣዋ ሰፊና ጥርሳም ነው። ውስጧ ግን ሳሎን ነው። ወንበሯ ቆዳ፣ ወለሏ ምንጣፍ፣ ከመሪዋ አጠገብ እንደ ቴሌቪዥን የሚያበራ ስክሪን። ለሚጠጣ ሰው ሁሉ የብርጭቆ ማስቀመጫ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ወንበሩ ጎን ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ያሞቃል፣ አንዱ ያቀዘቅዛል፣ አንዱ ደግሞ ጀርባ ያሻል።

ቡሎን ከገላጣዋ ሥር ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ አያትና «ሙሽሪት መጣች» አለ። «ጋሽ አቧራ፣ ጫማህን አውልቀህ ግባ እንጂ።»

«ይቺ ወደ ጫካ ነው ወይስ ወደ ሰርግ የምትሄደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጀርባ ታሻለች አሉ። እንግዲህ ሚስት ለምኔ ነው።»

ጋሽ አቧራን አንድ ነገር ሽው አለው። ጀርባ ማሸት የሚባል ወሬ ከዚህ ሰው አፍ ለምን ወጣ? ፊቱን አይቶ ሊመረምረው ዘወር አለ፤ ቡሎን ግን ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

ሰዉ አይቶ ሲበተን ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን ተመለከተና ማብሪያውን ነካ። ጥቂት ቆይቶ ከወገቡ ሥር ሙቀት መጣ፤ ልክ ሚስቱ በምታሽበት ቦታ፣ ከቀበቶው ከፍ ብሎ፣ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ። ሕመሙ እየሟሟ ሄደ። ጋሽ አቧራን ግን ደስ በሚለው ሰዓት ላብ አጠመቀው። ይህ ወንበር ወገቡን የት ያውቀዋል? መሥሪያ ቤቱ ለእርሱ ወገብ አስቦ አያውቅም፤ የገላጣዋ ሸራ ሲቀደድ ሌላ ሸራ ቢጠይቅ «በጆንያ ጣፈው» ነው የተባለው። ዛሬ ምን ተገኘና ቆዳ? ሰው ነግሯል። እንዲያውም ይህ ወንበር ወጥመድ ነው። ማብሪያውን ማን እንደሚነካ ከየመስኮቱ ሊያዩ ነው። የነካ ሰው ቦታው ተዘጋጅቶለታል፤ በሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ።

ፈጥኖ አጠፋው። ሲወርድ ከልማዱ የተነሣ «ጎማውን ልየው» አለ፤ የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም።

ስለ ወገቡ የምታውቅ አንዲት ሰው ናት። እርሷም መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት የቢሮዎቹን መጋረጃ ልትለካ መሥሪያ ቤት መጥታ ነበር። አረንጓዴ ላይ ነጭ መስመር ያለበትን ጨርቅ እቤት አምጥታ ቆርጣ የሰፋችው እርሷ ናት። አሁን ነገሩን መለስ ብሎ ሲያስበው፣ የኢንጂነሯ ክፍል ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ሚስቱ ግን ከሁሉም ክፍል ይልቅ እዚያ ነበር የቆየችው። በሩም ዝግ ነበር።

«አንቺ» አላት ያን ዕለት ቤት እንደ ገባ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ሳለ። «ያን ጊዜ መጋረጃ ስትለኪ ከኢንጂነሯ ጋር ምን አወራችሁ?»

«መጋረጃ።»

«መጋረጃ ብቻ?»

«የሚሰቀልበትን ብረትም አውርተናል።»

«በሩን ለምን ዘጋችሁት?»

ስፌት መኪናው ቆመ። እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ጋሽ አቧራ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ መልስ ሲጠፋት ነው መኪናውን የምታቆመው።

«ነፋስ ነው የዘጋው» አለች። «ያው ያንተ ነፋስ። ጨርቅ የሚወስደው።»

«ስለ እኔ ተነሥቶ ነበር?»

«ስለ አንተ? ወገቤን! ከአንተ ሌላ የሚወራ የሌለ መሰለህ?»

ሰው ሁሉ የሚያላግጥበት ተራ ቃል ነው። ጋሽ አቧራን ግን አስደነገጠው። ከስንት ቃል መካከል ይህን ምን አስመረጣት?

«ዘይቱን ላሙቅልህ?» አለች፣ መኪናውን መርገጥ እየጀመረች።

«አልፈልግም። ደህና ነኝ።»

ደህና አልነበረም። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተኛ፤ ግድግዳውም ቀዝቃዛ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። ሁለት የመስክ መኪና መያዝ አይቻልም፤ አንዷ ትቅር፣ አንዷ ትመለስ የሚል ነው። ኢንጂነሯ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ነገ ወደ ሸለቆው በአዲሷ እንሂድ። ነድተው ይዩዋት፤ የምጽፈው እርስዎ የሚሉትን ነው።»

«እኔ የምለውን?»

«ታዲያ የማንን?»

ከቢሮዋ ሲወጣ መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ነገሩ ከየትም ብታየው አያምርም። አዲሷ ትሻላለች ቢል፣ «በምኗ?» ይሉታል፤ በምኗ ሲባል ወገቡ ይወጣል። ገላጣዋ ትሻላለች ቢል ደግሞ በዚያች ብረት ላይ እስከ መቼ ሊቀመጥ ነው? አንድ ቀን ጎማ ሊያይ አጎንብሶ እዚያው ይቀራል። ያን ጊዜም መድረሻው ያው በሩ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከመጋዘን የሣጥን ጣውላ አንሥቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ጫፉን ከመደገፊያው አስጠግቶ አጋደመ፤ ከላዩ ኮቱን አነጠፈ። በሮቹን ነቀለ፤ ጣራውንም አነሣ። ቡሎን ሥራውን ትቶ ያየዋል።

«ሙሽሪት ላይ ጣውላ? ምን አደረገችህ?»

«ለስላሳ ወንበር ያስተኛል።»

«ተኛ እንጂ ታዲያ። እኔ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሜ የምውለው ወድጄ መሰለህ?»

«አንተማ ሥራ ጠልተህ ነው።»

ቡሎን ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልረዘመም።

አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንቹ ጀመረ። ጋሽ አቧራ ሊወቅሳት ሰበብ ቢፈልግም ሙሽሪት ጎበዝ ሆና ተገኘች። ዳገቱን ሳታጓራ ትወጣዋለች፤ ጉድጓዱን እንደ ተራ ወሬ ንቃ ታልፈዋለች። በሮቹ ስለሌሉ ጠጠሩም አሸዋውም ይሰማዋል። የሚያስጠላው የማስጠንቀቂያ ጩኸቷ ነው፤ ቁጥቋጦ ስታይ ጡጥ፣ ጉብታ ስታይ ጡጥ። «ይቺ ልጅ ከቤት ወጥታ አታውቅም» አለ በሆዱ።

ከዚህ ሁሉ የከነከነው ግን ሌላ ነው። ኢንጂነሯ ዛሬ አልቆመችም። ተቀምጣለች።

«ዛሬ መሬቱን አያዩም?»

«ከዚህም ይታየኛል።»

የምታየው ግን መሬቱን አይመስልም ነበር። ባያት ቁጥር ዓይኗ በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ወደ ማብሪያዎቹ ነው። እርሱም እጁን ከማብሪያዎቹ አሸሸ። እጁን ሲያሸሽ ደግሞ እርሷ ፊቷን ወደ ውጭ ታዞራለች። ከእንግዲህ ጥርጥር የለውም፤ የምትጠብቀው እርሱን ነው።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ጋሽ አቧራ ቆሞ ውሃው ድንጋይ ሲያንከባልል አዳመጠ፤ ድምፁ ቀጭን ነበርና አያሰጥምም ብሎ ገባበት። ውሃው ወለሉን አልፎ ጫማቸው ድረስ መጣ፤ ሲወጡ ምንጣፉ የጠገበ ስፖንጅ መስሏል።

«ይኸው» አለ ጋሽ አቧራ፣ ጥፋት በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ገላጣዋ ብትሆን ገብቶ ይወጣ ነበር። ይህ እስኪደርቅ ሲሸት ነው የሚከርመው።»

«እጽፈዋለሁ» አለች ኢንጂነሯ።

ከወንዙ የሚያወጣውን አቀበት ሲጀምር ክንዱ የወንበሩን ጎን ታከከ። ወዲያው ከሥሩ አንድ ነገር ተነሣ። ወንበሩ ጀርባ ማሸት ጀመረ፤ በወንበሩና በሰውየው መካከል ደግሞ ጣውላ አለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋዩ ከሥርዎ ነው እንዴ?»

ማብሪያውን እንዳይፈልግ፣ መፈለጉ ማወቁን ይመሰክርበታል። እንዳይተወው፣ ጣውላው እንደ በር ይንኳኳል። አቀበቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ አቆማት።

«ቆይ፣ ጎማውን ልየው።»

ወረደና ከፊተኛው ጎማ አጠገብ አጎነበሰ። ዛሬ ጣውላው ከገላጣዋ ብረት የባሰ ሆኖ ነው የጎዳው። በሮቹ ስላልነበሩ ከአጎነበሰበት የወንበሮቹ ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታየዋል። ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ኢንጂነሯን አያት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ከድና፣ ጣቷን የሙቀቱ ማብሪያ ላይ አሳርፋ ነበር። ፊቷ ከረጅም መንገድ በኋላ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ፊት ነው። ነፋሱ የሸሚዟን ጫፍ ገለበጠው፤ ከሥሩ ሰፊ ቀበቶ ወገቧን ጥብቅ አድርጎ ይዟታል።

ቀበቶው አረንጓዴ ነው፤ ነጭ መስመር አለው። ጥጉ ላይ ደግሞ ጨርቁ እንዳይተረተር የተሰፋች ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች። ጋሽ አቧራ ያችን ሦስት ማዕዘን ዓለም ላይ የትም ቢያያት ያውቃታል። ሚስቱ በየመጋረጃው ጥግ የምታሳርፋት ናት።

ቀና ሊል ሞከረ፤ ወገቡ እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ጎማው ምን ሆነ?» አለች ኢንጂነሯ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምንም አልሆነም።»

«ሁልጊዜ ምንም አይሆንም።»

ባዶው ወንበር ላይ ጣውላው ብቻውን ያወራል።

«ያ ቀበቶ» አለ በመጨረሻ፣ እንዳጎነበሰ፤ «መጋረጃ ነው።»

ሸሚዟን ወደ ታች ሳበች፤ ግን ዘግይታ ነበር። «ባለቤትዎ ለማንም አልናገርም ብለው ምለውልኝ ነበር» አለች ቀዝቀዝ ብላ።

«አልተናገረችም። ጠይቄያት ነፋስ ነው ብላኛለች። ስፌቷን አውቄው ነው።»

ኢንጂነሯ አሁን ዓይኗን ገለጠች፤ አየችው፤ አሁንም እንዳጎነበሰ ነው። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት።

«እርስዎም?»

«እኔም።»

«እኔ እኮ ጎማ አያለሁ እያሉ እኔን የሚያዩ ነበር የሚመስለኝ» አለች። «ስወርድ እንዴት እንደምወርድ ከሥር ሆነው እያዩ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚነግሩብኝ። ቆሜ የምሄደው ለምን ይመስልዎታል? ገላጣዋ ላይ ከተቀመጥኩ መነሣት አልችልም።»

«መሬቱን የሚያዩ መስሎኝ።»

«ማየትስ አያለሁ። ቆሜ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ጋሽ አቧራ ሳቅ መጣበት፤ ሳቁ ወገቡን ነካውና «ወይኔ» ብሎ ጎማውን ያዘ። እርሷም መሳቅ ጀምራ እጇን ቀበቶዋ ላይ አደረገች።

«ይቺን መኪና ያስመጧት እርስዎ ነዎት?» አላት፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

«እኔ ነኝ። መሣሪያዎቹ መንቀጥቀጥ አይችሉም ብዬ ጠየቅሁ። እሱም ውሸት አይደለም። ወገቤን አመመኝ ብል ኖሮ ወንበር ይሰጡኝ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ። መስክ ካልወጣሁ እኔ ምን ነኝ?»

«እኔንም ወንበር ነው የሚሰጡኝ። በሩ ላይ።»

ኢንጂነሯ ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። ከዚያ «ያቺን ጣውላ ያንሡልኝ እባክዎ» አለች። «ራሴን አመመኝ።»

ጣውላውን አንሥቶ ወደ ኋላ ወረወረው፤ ኮቱንም አስከትሎ። ገብቶ ተቀመጠ። እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ፤ የሰረቀ እንዳይመስል አድርጎ፣ እያየችው፣ ነካው። ሞተሩን ሳያስነሡ ሁለቱም ጥቂት ቆዩ። ከፊታቸው ሜዳው ክፍት ነው፤ ነፋሱ ከግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«መሣሪያዎቹ ተመችቷቸዋል ይበሉ» አለ ጋሽ አቧራ። «ምንጣፉ ግን ይነቀል። ይኼንስ ከልቤ ነው።»

ሙሽሪት ምንጣፏ ተነቅሎ ቀረች። ገላጣዋን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መልሶ የማስረከቡ ሥራ የጋሽ አቧራ ሆነ፤ ሌላ ሰው እንዲነዳት አልፈለገም። መንገዱን ሁሉ እያንዳንዷ ድንጋይ ተሰናበተችው። ነፋሱ ፊቱን መታው፤ ፍሬኗ ሲግል ሸተተው፤ ሽማግሌው አጠገቡ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የዋናው መሥሪያ ቤት ግቢ ደርሶ ሲወርድ አፉ ከልማዱ «ጎማውን ልየው» አለ። አጠገቡ ማንም የለም። ዓይኑን ሳይጨፍን አየው። ከጎማው ጥርሶች መካከል የሚስማር ራስ አገኘ፤ መንገድ አሽቶት እንደ ብር ያበራል። መቼ እንደ ገባ እግዜር ይወቀው። ስንት ዓመት ሲዳብሰው የኖረው ጎማ ነው። ለተረካቢው ሚስማሩን አሳየው። ተረካቢው «እንዴት ያለህ ጠንቃቃ ሰው ነህ» አለው። ጋሽ አቧራ አላመሰገነውም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ከመርፌው ሥር የሚያልፈው አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ነጭ መስመር አለው። ሰፊ ቀበቶ ነው። ለኢንጂነሯ ይረዝማል፤ ለእርሱ ደግሞ ይጠብባል።

«ይህ የማን ነው?»

ስፌት መኪናው ቆመ።

«መጋረጃ ነው» አለች ሚስቱ።

ጋሽ አቧራ ቀበቶውን አየ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተጋድሞ የሚውለው፣ ሰሞኑን ሳቁ ያጠረበት ሰው ትዝ አለው።

«ዘይቱን አሙቂልኝ» አለና አልጋው ላይ በሆዱ ተኛ።

ስፌት መኪናው እንደገና መዞር ጀመረ። «ጥጉን ልጨርስና» አለች።